አምስተኛውና ስድስተኛው ጉድጓድ

ጉድጓድ ቆፋሪ ነኝ ስል ሰው ቶሎ የሚመጣለት መቃብር ነው። ፊቱ ይጠቁራል። "አይዞህ፣ እኔ ሰው አልቀብርም፤ ሙቀት ነው የማወጣው" እለዋለሁ፤ ያኔ ይስቃል። እናንተም እዚህ ላይ ሳቁልኝ ልጆቼ፤ ወደ ፊት ብዙ የሚያስቅ የለውም።

ሥራውን በአጭሩ ላስረዳችሁ፤ ሥራው ካልገባችሁ ጥፋቴም አይገባችሁም። መሬት የምትለዋወጠው ላይ ላዩን ነው። ጠለቅ ብላችሁ ስትገቡ ብርድ መጣ፣ ሐሩር መጣ፣ ግድ የላትም፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ናት። እኛ እስከ ዘጠና ሜትር የሚወርድ ጠባብ ጉድጓድ እንሰረስራለን። አንድ ረጅም ጥቁር ቱቦ መሐሉን አጥፈን፣ ሁለት እግር እንዲኖረው አድርገን ወደ ውስጥ እናወርዳለን። ውሃው በአንዱ እግር ይወርዳል፣ በሌላው ይመለሳል። ሲመለስ የመሬቷን ጠባይ ይዞ ይመጣል። ምድር ቤት ያለው ማሽን ያችን ሙቀት ያጠራቅምና በየቤቱ ወለል ሥር ይልካታል። በብርድ ወራት ሰው በባዶ እግሩ ቤቱ ውስጥ ይሄዳል። ሐሩር ሲመጣ ደግሞ ማሽኑ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ የቤቱን ሙቀት ወስዶ ለመሬት ይመልስላታል።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ቱቦው መሬቱን መንካት አለበት። ጉድጓዱ ከቱቦው ስለሚሰፋ ዙሪያው ክፍት ይቀራል። እዚያ ክፍት ቦታ ላይ አየር ከገባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ አየር ሙቀት አያሳልፍም። ስለዚህ ቱቦው ከወረደ በኋላ ከሥር ጀምረን እስከ አፉ ድረስ ከዱቄት የተበጠበጠ ወፍራም ጭቃ በፓምፕ እንሞላዋለን። ሙሌት ነው የምንለው። ሙሌት የሌለው ጉድጓድ ማለት ድስቱን ከእሳቱ ክንድ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ውሃው እስኪፈላ መጠበቅ ነው።

ሙሌት ለብቻ አይሠራም። አንዱ ፓምፑን ይይዛል፣ ሌላው የጭቃውን ጎማ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይስባል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

እኔና ታናሽ ወንድሜ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ቀጭኔ ነበር ስሙ፤ አንገቱ ረጅም ነው፣ በር በገባ ቁጥር ጎንበስ ይላል። እኔ በመሰርሰሪያው ላይ ነኝ፣ እሱ በቱቦው። እንደሱ ቱቦ የሚገጥም ሰው አላየሁም። ሁለቱን ጫፍ በጋለ ብረት አቅልጦ ሲያጋጥማቸው፣ መጋጠሚያውን በጣታችሁ ብትዳስሱ አታገኙትም። ብዙ አይናገርም። ሲናገርም የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው። እናታችን "ይሄ ልጅ ቃል የሚገዛበት ሱቅ ሩቅ ነው" ትል ነበር።

ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ነበር ሕንፃው። አሥራ ሁለት ቤት፣ ግቢው ውስጥ ስድስት ጉድጓድ። አራቱን ሞልተን ጨርሰናል። አምስተኛውና ስድስተኛው ተሰርስረው ቱቦ ይጠብቃሉ። አፈር የሚዝቀው ስካቫተር በማግስቱ ጠዋት መጥቶ አፋቸውን በአፈር ሊያለብስ፣ ግቢውን ሊደለድል ተቀጥሯል። እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ። እማዬ ከደረጃ ወድቃለች፤ ዳሌዋ ነው፤ ሆስፒታል ወስደዋታል።

"አንተ ሂድ ጋሼ" አለኝ ወንድሜ። "ታላቅ ነህ፣ አንተን ነው የሚሰሙት።"

"ቱቦዎቹን ውሃ ሙላና አውርዳቸው። እደውልልሃለሁ" አልኩት እየሮጥኩ።

ቱቦ ባዶውን አይወርድም። ክብደት እንዲኖረው፣ ሳይጣመም ቀጥ ብሎ እንዲገባ አስቀድሞ ውሃ ይሞላል። ለዚያ ነው ያልኩት።

ሆስፒታል ስደርስ እማዬ በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ሆና ኮሪደር ዳር አስቀምጠዋታል። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ከዚህ ክፍል ወደዚያ ክፍል፣ ከዚህ ወረቀት ወደዚያ ወረቀት ሲሉኝ ዋሉ። ሊመሽ ሲል አንድ ትንፋሽ አገኘሁና ግድግዳ ተደግፌ ደወልኩ።

"ሞላ?" አልኩት።

"ሞልቷል። እማዬ እንዴት ናት?"

"ነገ ትቀደዳለች። ና፣ አብረሃት እደር። ጠዋት እኔ ሥራው ላይ እሄዳለሁ።"

ይኸው ነው። የተባባልነው ይኸው ነው። ቋንቋችን ደግ ናት፤ ማን ሞላ፣ ምን ሞላ ሳትሉ "ሞላ" ብቻ ብትሉ ትቀበላችኋለች። እኔ ጉድጓዱን ጠየቅሁ። እሱ የቱቦውን ውሃ መለሰ፤ ያዘዝኩት እሱን ነዋ።

በማግስቱ ጠዋት እሱ እናታችን ራስጌ ሆኖ እኔ ግቢው ደረስኩ። አካፋ የምንለው ስካቫተር ነጂ ማሽኑን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ቱቦዎቹ ወርደዋል፣ ጫፋቸው ታሽጓል፣ በጉድጓዶቹ አፍ ላይ ጣውላ ተከድኗል። ያስተማሩኝ አለቃ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ጉድጓድ ሳይለብስ ጣውላውን አለቃው በገዛ እጁ አንስቶ፣ ዘንግ ከትቶ ያያል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንስቻለሁ። ያን ቀን አላነሳሁም። "አልብሰው" አልኩት፤ አካፋም አለበሰው።

እማዬ ከሆስፒታል እስክትወጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ወንድሜ ወደ ሥራ ሲመለስ ግቢው ጠፍጣፋ ሆኖ ሣር ሊዘራበት ነው። እኔና አካፋ ሁለት ሆነን የሞላነው መሰለው። አልጠየቀኝም። እኔም እሱ የግቢውን ዘበኛ ይዞ የሞላው መሰለኝ። አልጠየቅሁትም። ወንድማማች መጠያየቅ ያቆመበት ቦታ ላይ ነው ነገር የሚበላሸው።

ሕንፃው ሲያልቅ ወንድሜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ቤት ተከራየና እማዬን ይዟት ገባ። "በእጄ የሠራሁትን ሙቀት እሷ ትሙቅልኝ" አለ። እንዲህ ረጅም ነገር ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያው ብርድ ደህና አለፈ። በሁለተኛው ማሽኑ ሌት ተቀን ያቃስት ጀመር። አራት ጉድጓድ የስድስቱን ሸክም ተሸክሞ፣ ዙሪያው ያለችውን መሬት መጦ መጦ አቀዝቅዟታል። ወለሉ እንደ መቃብር ድንጋይ ሆነ። እማዬ ካፖርት ለብሳ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ደርባ፣ እግሯን ባልዲ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከታ ትቀመጣለች። "ልጆቼ ከመሬት ሙቀት ያወጣሉ እያልኩ ለሰው አወራሁ፤ እነሱ እቴ፣ መሬት የኔን ሙቀት ነው የምታወጣው" ትላለች። ያኔ ገና ትቀልድ ነበር።

ነዋሪዎቹ መሐንዲስ አስመጡ። የምድር ቤቱን ቧንቧዎች አንድ በአንድ እየከፈተ በቴርሞሜትር ለካ። ግቢውን በሁለት ቦታ አስቆፈረ። በእሁዱ ከቀትር በኋላ ሁላችንም በመግቢያው አዳራሽ ተሰበሰብን፤ ሰው በካፖርት፣ ሰው በኮፍያ፣ ወንበር ከየቤቱ ተሸክሞ ወርዷል። እማዬንም አወረዷት። ከወንድሜ አጠገብ ተቀመጠች። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነበረች፤ "በዚህ እጄ ሦስት ሺህ ሰው ተቀብያለሁ፤ ማንም እንዳይጮህብኝ" ብላ ነው ስብሰባ የምትከፍተው።

መሐንዲሱ ተነሳ። "ከአምስተኛውና ከስድስተኛው ውሃው እንደ ሄደ ነው የሚመለሰው። ምንም ይዞ አይመጣም። ትናንት ጣውላውን አነሳን። ጠጠር ጣልኩበት። ታች እስኪደርስ ጆሮዬን ቀስሬ ብዙ ጠበቅሁ። ባዶ ነው። ሙሌት የሚባል ነገር አልነካውም።"

ሰው ተንጫጫ። በዚያ ጫጫታ መሐል ነው ነገሩ የበራልኝ። "ሞላ?" ያልኩት መጣልኝ። እየሮጥኩ "ውሃ ሙላ" ያልኩት መጣልኝ። አንድ ሰው ብቻውን ሙሌት እንደማይሠራ መጣልኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ፤ እንደ ጎርፍ።

አዋላጇ ወደ እኔ ዞረች። "ጋሽ ቆፋሪ፣ የሥራው አለቃ አንተ ነህ። እነዚህን ሁለቱን ሳይሞላ የተወ ማነው?"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ልጆቼ። አንድ ሰው በዕድሜው ሦስት ወይ አራት ጊዜ በእንዲህ ያለ ደጃፍ ላይ ይቆማል። "እኔ ነኝ፤ ጣውላውን ሳላነሳ አለበስኩት" ብል ኖሮ እዚያው አልቆ ነበር። ስሜ ይወድቃል፤ ይውደቅ፣ ስም ይነሳል። ግን የሁለት ሕንፃ ሥራ ሊሰጡኝ ቃል የገቡ ሰዎች እዚያው በር ላይ ቆመው ያዩኛል። አፌን ከፈትኩ።

"የዚያን ቀን እኔ አልነበርኩም" አልኩ። "እናታችን ሆስፒታል ገብታ ነበር። ደውዬ ጠይቄዋለሁ። ሞልቷል ብሎኛል።"

አያችሁ? አንዲት የሐሰት ቃል የለባትም። አልነበርኩም፤ እውነት ነው። ደውያለሁ፤ እውነት ነው። ሞልቷል ብሏል፤ እውነት ነው። ከሦስት እውነት አንድ ውሸት ገነባሁ፤ ጥሩ ግንበኛ ነበርኩ።

ሰው ሁሉ ወደ ወንድሜ ዞረ። እሱ ግን ወደ ማንም አልዞረም፤ እኔን ነው የሚያየኝ። ቁጣ የለበትም። አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ነው የሚያየኝ። እኔ የጫማዬን ክር አየሁ።

"ብለሃል?" አለችው አዋላጇ።

"ብያለሁ" አለ።

የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው ብያችኋለሁ።

ጉድጓዶቹን እኔ ራሴ ሁለት ሠራተኛ ይዤ ሞላኋቸው። በሳምንቱ ወለሉ ሞቀ። ነዋሪዎቹ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። "የወንድምህን ጥፋት በራስህ ላብ አካካስክ፤ ታላቅ ወንድም ማለት እንዲህ ነው" አለችኝ አዋላጇ። አመሰገንኳት። እግዜር ያሳያችሁ፤ አመሰገንኳት!

በእሱ ላይ የሆነውን ደግሞ ስሙ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ወንድሜ በወጣ በገባ ቁጥር "ቀጭኔ፣ ያንን አንገትህን ሰብሰብ፣ ጣሪያችንን ትበሳዋለህ!" ይለው ነበር። ያ ሰው ቀልዱን ተወ። ከቀልድ መተው የበለጠ ስድብ የለም። ሰላምታም አጠረ። አንድ ጠዋት እማዬ በሩን ስትከፍት በጠመኔ ትልቅ አድርገው "ሞልቷል" ብለው ጽፈውበታል። በእርጥብ ጨርቅ አጠፋችው። በሳምንቱ እንደገና ተጻፈ። የልጆች ሥራ ነው አሉ። ልጅ ግን የሚጽፈው ከአዋቂ አፍ የሰማውን ነው።

በሥራውም ሰፈር ስሙ ተለወጠ። ቀጭኔ ጠፋና "ሞልቷል" ሆነ። "ቱቦ የሚገጥምልን ሰው ላክልን፤ ሞልቷልን እንዳትልክ ብቻ" ይሉኛል፤ እየሳቁ። እኔስ? አልሳቅሁም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ወንድም ሐዘን ቆጠሩልኝ፤ አከበሩኝ።

ብርዱ ሳይወጣ ወንድሜ እቃውን ጠቀለለ። በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት የሚወስድ ከተማ ሄዶ የውሃ ቦቴ መኪና መንዳት ጀመረ። እማዬን "እኔ ጋ ሁኚ" ብዬ ለመንኳት። "አንተ ጋ ይሞቃል" አለች፤ "እኔ ግን ከእሱ ጋር እበርዳለሁ።" ሄደች። ሳልሰናበታቸው ቀረሁ፤ ሥራ ነበረብኝ አልኩ።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በስልክ እንገናኛለን፤ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ እማዬ እንዴት ናት፣ ደህና ናት። ከዚያ ውጭ ቃል የለም።

አንድ ቀን ዓይኔን ልታይ ክሊኒክ አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ፤ አንድ ሽማግሌ ጎኔ መጥቶ ዘፍ አለ። አካፋ ነው። ጥርሱ ረግፏል፣ ሳቁ ግን ያው ነው።

"አንተ! አሁንም ሙቀት ትቆፍራለህ?"

"አሁንስ እርጅና ነው እኔን የሚቆፍረኝ።"

"ወንድምህስ? ያ ረጅሙ?"

"ውሃ ይነዳል።"

ራሱን ነቀነቀ። "ይገርምሃል፣ ከዚያ ስብሰባ በኋላ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። 'የዚያን ጠዋት የሙሌት ዱቄት ከረጢት ግቢው ውስጥ ቀርቶ ነበር ወይ?' ብሎ ጠየቀኝ። ቀርቷል አልኩት። አሥራ አራት ከረጢት፣ አንዱም አልተፈታ። ራሴ አይደለሁ እንዴ 'ይሄስ ምንድን ነው?' ያልኩህ? አንተም 'ትርፍ ነው፣ መኪናው ላይ ጫንልኝ' ብለኸኝ..."

ይቅር በሉኝ ልጆቼ፤ ቅድም ስለዚያ ጠዋት ስነግራችሁ አንድ ነገር ዘልያለሁ። ዘጠኝ ዓመት ስዘለው ኖሬ እግሬ ለመደው። ከረጢቶቹን አይቻለሁ። በጉድጓዶቹ አጠገብ ተደርድረዋል፣ አፋቸው እንደተሰፋ። አሥራ አራት ከረጢት የሁለት ጉድጓድ ሙሌት ነው፤ እንኳን አለቃ፣ ዘበኛም ያውቀዋል። አየሁ፤ ግን አይቶ አለማየት የሚባል ነገር አለ። ስካቫተሩ ተነስቷል፣ እማዬ ልትቀደድ ነው፣ እኔም እንቅልፍ አላየሁም። ትርፍ ነው አልኩ። ጆሮዬን ማታ በስልክ አታለልኩት፤ ጠዋት ደግሞ ዓይኔን።

"ምን አለህ ታዲያ?" አልኩት አካፋን።

"ምንም። 'ለማንም አትንገር' አለኝ። 'ራሱ ይናገራል' አለ። ታዲያ ተናገርክ?"

ነርሷ ስሜን ጠራች። አልገባሁም። ተነስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቤቱን ያገኘሁት ቦቴው ደጅ ቆሞ ስላየሁት ነው። ወንድሜ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ቁልፍ ያጠብቃል፤ ረጅም እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። በሩ ላይ እማዬ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደክሟል።

"ማነው?" አለች።

"እኔ ነኝ እማዬ።"

"የትኛው እኔ?"

"ታላቁ።"

"እ..." አለች ረጅም አድርጋ። "ታላቁ። ግባ። ያ ታናሹም ሊወጣ ነው ከጉድጓዱ።"

ወንድሜ ከመኪናው ሥር ተስቦ ወጣ፤ እጁ ዘይት ነው፣ ክርኑን ሰጠኝ፣ ክርኑን ጨበጥኩ። ሻይ ተፈላ። ጠጣን። በመጨረሻ ተናገርኩ፤ ሁሉንም፣ ስልኩን፣ ጣውላውን፣ ከረጢቱን። እንደ ተማሪ ተራ በተራ አልኩለት። ስጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"አውቃለሁ ጋሼ" አለ።

"ለምን አልተናገርክም ታዲያ? አካፋ ይመሰክርልህ አልነበር?"

"አንተ ትናገራለህ ብዬ።"

"ዘጠኝ ዓመት?"

"አይ፣ ዘጠኝ ዓመትስ አልጠበቅሁም።" አሰበ፤ ትክክለኛውን ቁጥር ሊሰጠኝ ፈለገ፣ እንደ ልማዱ። "ሁለት ዓመት ያህል ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ዛሬ ነው እል ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ውሃ እየቀዳሁ ሳለ መጠበቁ ተወኝ። ከተወኝ በኋላ ቀለለኝ። አሁን ስትነግረኝ፣ እንዳትቀየመኝ፣ የሌላ ሰው ወሬ የምሰማ ነው የሚመስለኝ።"

ይህን ከሚለኝ በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሄጄ እነግራቸዋለሁ" አልኩት። "እዚያው አዳራሽ ቆሜ። ስምህን አነሳዋለሁ።"

"ንገራቸው። ለኔ ብለህ ግን አትንገራቸው። ለኔ የሚሆነው ጊዜ አልፏል።"

እማዬ እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ፈለገችና ያዘችው። "ያኔ የተሰበረው ዳሌዬ ብቻ መስሎኝ ነበር" አለች።

ወንድሜ ውሃ የሚጠብቁ ሰዎች ስላሉ ተነሳ። አውቶቡስ ጣቢያ ላድርስህ አለኝ፤ በቦቴው ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄድን። መንገድ ላይ ስለ ፍሬን አወራን።

ከተማዬ ተመልሼ ወደ ሕንፃው ሄድኩ። አዋላጇ አርፋለች። ልብስ ሰፊው ልጆቹ ጋ ሄዷል። ያንን እሁድ ከተቀመጡት ሰዎች አንድም አልቀረም። አዲሱ ሰብሳቢ ወጣት ሰው ነው፤ ስለ ማሞቂያው ለነዋሪው የምናገረው አለኝ ስለው ማሽኑ ሊፈነዳ ነው ብዬ የመጣሁ መስሎት ደነገጠ። ለእሁድ ጠራልኝ።

አሥራ አምስት ሰው ወረደ። ውጭ ብርዱ ያፏጫል፤ አዳራሹ ግን ሞቋል፤ ሰዉ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው፣ አንዲት ልጅ በባዶ እግሯ ወለሉ ላይ ትሮጣለች። እነዚያን ባዶ እግሮች አየኋቸው። ቆምኩና ተናገርኩ። ብዙ የመናገር ልምድ የለኝም፤ ከመሐል ጀመርኩ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ ሙሌት ምን እንደሆነ ሳላስረዳ አለፍኩ፣ እንደገና አስረዳሁ። ወንድሜ ይህን ቤት የተከራየው ለእናቱ ብሎ እንደነበረ ነገርኳቸው። ሞልቷል ያለው ስለ ውሃው እንደነበረ ነገርኳቸው። ጣውላውን ሳላነሳ ያለበስኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

ስጨርስ አንድ ሰው፣ የልጅቷ አባት ይመስለኛል፣ በትሕትና እጁን አነሳ።

"አባባ፣ አሁን ችግር አለበት?"

"አሁንማ የለበትም።"

"እንግዲያው እግዜር ይስጥልን። እኛ ያን ጊዜ አልነበርንም።"

"ሐሩር ሲመጣስ በደንብ ያቀዘቅዛል?" አለ ሌላው።

"ያቀዘቅዛል" አልኩት።

ወንበር ማንሳት ጀመሩ። ሰብሳቢው ስለመጣሁ አመሰገነኝና ስለ ቆሻሻ ማውጫ ቀን ጥቂት ተናገረ። የልጅቷ እናት ልጇን አቅፋ ስታልፍ አጠገቤ ቆመች። ፊቷ ደግ ነው። ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

"አይዘኑ አባባ" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ወንድምዎን ይቅር ይበሉት። ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም።"

አፌን ከፍቼ ቃል እስካገኝ ደረጃውን ይዛ ወጥታለች። አዳራሹ ባዶ ሆነ። እዚያ ቆሜ አሰብኩ። ልሂድ? ማን ያውቃል፣ ማን ግድ አለው? ዘጠኝ ዓመት ያልኩት ይኸው ነበር። በግድግዳው ተደግፌ ደረጃውን መውጣት ጀመርኩ፤ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ በየፎቁ እያረፍኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ የልጅቷን ሳቅ ከበሩ ጀርባ ሰማሁ። አንኳኳሁ።

ሴትዮዋ ከፈተች። ሙቀት ፊቴን መታኝ። "ውይ አባባ፣ የረሱት ነገር አለ?"

"ልጄ" አልኩ፤ ትንፋሼ አጥሯል። "ወንድሜ አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱ ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ።"

አየችኝ። ከዚያ ፈገግ አለች።

"እሺ አባባ" አለችኝ፤ ለደከመ ሽማግሌ የሚባለውን እሺ። "እሺ። ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ደረጃው ያንሸራትታል።"